ፍልስፍና ምንድን ነው? የዘርዓ ያዕቆብ ሕይወትና ጥያቄ

ፈላስፋ የሚለው ቃል በዕለት ኑሯችን ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለነቀፋ ነው። በቂርቆስ አካባቢ፣ ቡልጋሪያ በሚባለው ሠፈር ውስጥ በሚደረግ የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ አባል ተነሥቶ ነገር ሲያጠብቅ፣ ሰዓቱ የሄደበት ሰብሳቢ እንዳይፈላሰፍበት ነግሮ ያስቀምጠዋል። ተሰብሳቢው ይስቃል፤ ጠያቂውም አፍሮ ይቀመጣል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ያ አባል ምን ዓይነት ጥያቄ እንደ ጠየቀ መርምረን ለማየት እንወዳለን።

ወርኃዊው መዋጮ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከመዝገብ ይገኛል። መዋጮውን ያጓደለ ሰው ምን ይደረጋል ቢል ከመተዳደሪያው ደንብ ይገኛል። ነገር ግን የቀን ሠራተኛውና ባለ ሕንጻው አንድ ዓይነት ገንዘብ እንዲያዋጡ ሲደረግ ይህ እኩልነት ነው ወይ፣ ለመሆኑ እኩልነት የምንለው ምኑን ነው ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ሒሳብ ያዡም ሆነ ጸሐፊው የሚገልጡት መዝገብ የለም። በዚህ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ቃል ትርጉም መጠየቅ፣ ልማድ የሆነውን ነገር ምክንያቱን መፈለግ፣ የቀረበውንም ምክንያት መመርመር ነው። በመሠረቱ ፍልስፍና የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስለዚህም ፍልስፍና ሥራ ፈት ሰዎች በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ የሚለዋወጡት ነገር አይደለም፤ ሠርቶ አደሩም በየዕለቱ ይነካዋል፤ ስሙን ባይጠራውም።

ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጥበብን መውደድ ማለት ነው። ወደ አገራችን ሲገባ ግን ሌላ መልክ ያዘ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን፣ ከግሪክና ከሌሎችም ሕዝቦች ጠቢባን ተነገሩ የተባሉ ምክሮችንና ምሳሌዎችን የሰበሰበ ነው። ከዚህም የተነሣ በእኛ ዘንድ ፈላስፋ ሲባል የሚታሰበው አሳምሮ የሚናገር፣ በምሳሌ የሚመክር ሽማግሌ ሆኖ ቆይቷል። ምክር መልካም ነው። ይሁንና ምክር የሚቀበሉት ነገር ሲሆን፣ ፍልስፍና ደግሞ ከመቀበል በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። በዚህ ረገድ ከማንም ይልቅ ስሙ የሚጠራው ኢትዮጵያዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ይህ ሰው ከእርሱ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር እንዳይምታታ በቅድሚያ እናስገነዝባለን።

የዘርዓ ያዕቆብ የሕይወት ታሪክ የሚታወቀው ራሱ ጻፈው ከሚባለውና ሐተታ ከተሰኘው የግዕዝ መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ጉዳይ ላይ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ይህን ክርክር አንሸሽገውም፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን መጽሐፉ የሚተርከውን ሕይወት እንደ ተተረከ እናቀርባለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አውራጃ ተወለደ። አክሱም የካህናት አገር ናት፤ አባቱ ግን ድኻ ገበሬ ነበር። ሰዎች ወርቄ እያሉ ይጠሩት ነበር። ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ እንዲማር ተላከ። ሆኖም ድምፁ ሻካራ ነበርና ባልንጀሮቹ ሳቁበት። ዜማውን ትቶ ወደ ሰዋስውና ወደ ቅኔ ቤት ገባ፤ በዚያም አራት ዓመት ቆየ። ከዚያም ቀጥሎ ዐሥር ዓመት ሙሉ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ባላገሩ የቆሎ ተማሪ እያለ የሚያዝንለት ልጅ፣ በቅኔ ቤት ውስጥ የሚሠለጥነው በሰሙ ሥር ያለውን ወርቅ እንዲፈልግ ነው። በትርጓሜ ቤት ደግሞ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል አንድም፣ አንድም እያለ በብዙ መንገድ ይፈታለታል። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ እንዳለው ለዓመታት ሲሰማ ያደገ ሰው፣ የትኛው ነው እውነቱ፣ በምንስ መለኪያ ነው የሚለየው ብሎ ለመጠየቅ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አብዛኛው ተማሪ ያን እርምጃ አይራመድም፤ ፍቺዎቹን ሁሉ በቃሉ ይዞ መምህር ይሆናል። ዘርዓ ያዕቆብ እንዲራመድ ያስገደደው የዘመኑ ሁኔታ ነው።

እንደሚታወቀው ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። በ1625 እ.ኤ.አ. ከሮም ተሹመው የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ አገሪቱ ገቡ። ንጉሡ ይህን ያደረጉት በእምነት ብቻ ሳይሆን የማዕከላዊውን ዙፋን ኃይል ለማጠናከርና የውጭ ጦር መሣሪያ ለማግኘትም ጭምር መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። የነባሩ ሥርዓት አጥማቂና ቄስ ሁሉ ሥራው ተሻረ፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን ተለወጠ፤ ገበሬውም በየአውራጃው ተነሣ። በ1632 እ.ኤ.አ. ከላስታ ዐማፅያን ጋር በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር የአገሬው ሕዝብ በአንድ ቀን ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያ ሁሉ ገበሬ የሞተው ሁለት ባህርይ ወይስ አንድ ባህርይ በሚለው ጥያቄ ስም ነበር።

በዚህ መካከል ዘርዓ ያዕቆብ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት መጻሕፍት አስተማረ። አስተማሪነቱም እንግዳ ነበር። አንዱን ቃል ሲፈታ ፍራንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ ደግሞ እንዲህ ይላሉ ብሎ ሁለቱንም ያቀርባል፤ ይህኛው ትክክል ነው፣ ያኛው ስሕተት ነው ብሎ ግን አይፈርድም። ከዚህም የተነሣ በሁለቱም ወገን ተጠላ። ካቶሊኮቹ የተዋሕዶ ሰው ነው አሉት፤ የተዋሕዶ ሰዎችም ለፍራንጅ ያደረ ነው አሉት። ወገን ለይቶ በሚጨፋጨፍ ኅብረተሰብ ውስጥ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ሰው ከሁለቱም የከፋ ጠላት ሆኖ ይታያል። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የተባለ የንጉሡ ወዳጅ የሆነ የአክሱም ቄስ፣ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያሳምፃል ብሎ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ በሌሊት ሸሸ። የያዘውም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ነበር። ዘመኑ 1630 እ.ኤ.አ. ገደማ መሆኑ ነው።

ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲጓዝ ከተከዜ ወንዝ አጠገብ ሰው የማይኖርበት ሸለቆ አገኘ። በዚያም ባለ ዋሻ ውስጥ አራዊት እንዳይበሉት በሩን በድንጋይና በእሾህ አጥሮ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ወደ ገበያና ወደ መንደር ወጥቶ የሚበላውን ይዞ ይመለሳል፤ የሚያየው ሰውም የሚለምን ባሕታዊ ይመስለው ነበር። የኋላውን ዕድሜውን ሁሉ የወሰነው ይህ የሁለት ዓመት ዘመን ነው። በ1637 እ.ኤ.አ. የሐሳቡን መንገድ በመጽሐፍ ያወጣው ፈረንሳዊው ዴካርት የጥርጣሬውን ምርመራ የጀመረው በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የእኛው ሰው የጀመረው በስደት ዋሻ ውስጥ መሆኑን ሳናነሣ አናልፍም።

በዋሻው ውስጥ በዳዊቱ ይጸልይ ነበር። እየጸለየ ሳለ ግን ለመሆኑ የሚሰማኝ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣበት። አንባቢያን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ነው። መልሱን ከመጽሐፍ አልወሰደም፤ ከመምህሩም አልወሰደም። ማንም ሰው ሊመረምረው ከሚችል ነገር ተነሣ። የሚሰማ ጆሮ አለኝ፤ ይህን ጆሮ ራሴ አልሠራሁትም፤ ወላጆቼም አልሠሩትም፤ እነርሱም ከወላጆቻቸው ተወለዱ፤ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሲሄድ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ መድረስ ይገባል በሚል መንገድ ተጓዘ። ይህ ማስረጃ ያጠግባል ወይስ አያጠግብም የሚለው ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ቁስ አካላዊ ነን የሚሉ ፈላስፎች አይቀበሉትም፤ ከሃሳባውያኑ ግን የሚቀበሉት አሉ። እኛን እዚህ ላይ የሚመለከተን መልሱ ሳይሆን አጠያየቁ ነው፤ የታወቀው ነገር ከምን ላይ ቆሞ እንደ ታወቀ ተጠይቋልና።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የሚያስፈራ ነበር። በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ወይ? ዘርዓ ያዕቆብ ወደ ሊቃውንት ሄዶ ለመጠየቅ አሰበ፤ ወዲያውም ከንቱ መሆኑን ተረዳ። ፍራንጁን ቢጠይቅ የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይለዋል፤ ግብጻዊውም እንዲሁ፤ እስላሙም እንዲሁ፤ አይሁዱም እንዲሁ። ሁሉም ባለ ጉዳይ ከሆነ ዳኛው ማን ሊሆን ነው? በእኛ አገር ማንኛውም ገበሬ እንደሚያውቀው በመሬት ክርክር ከተካራካሪዎቹ አንዱ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ስለዚህ ዘርዓ ያዕቆብ ከማንኛውም ወገን ያልሆነ፣ ለሰው ሁሉ በእኩልነት የተሰጠ ዳኛ ፈለገ። ያገኘውም ልቡናን ነው። ንጉሥም ሆነ እረኛ፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ልቡናው ያለ ልዩነት ተሰጥቶታል ብሎ አመነ።

ከዚህም ሦስተኛ ጥያቄ ተወለደ። ልቡና ለሁሉ ከተሰጠ ሰዎች ስለምን በሐሰት ያምናሉ? ዘርዓ ያዕቆብ የሰጠው መልስ የኅብረተሰብ ጥናት መልክ አለው። ምርመራ ከባድ ሥራ ነው፤ ሰውም ይቸኩላልና ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር ይወርሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ሕዝብን ለመግዛት የሚፈልጉ ሰዎች ከእግዚአብሔር ተልከን መጥተናል እያሉ ያስተምራሉ፤ ሕዝቡም አምኖ ይገዛል። ይህ ነገር የተጻፈው በነገሥታት ዘመን መሆኑን ስናስብ ጸሐፊው ስለምን ዋሻ እንደ መረጠ አያስደንቀንም።

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መሣሪያነት የሰማውን ሕግ ሁሉ አንድ በአንድ መዘነ። ሰው ወንድና ሴት ሆኖ ከተፈጠረ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል መባሉ ከምን የመጣ ነው አለ። ሴትን በወር አበባዋ ጊዜ ርኩስ የሚያደርገውን ሕግ፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛት የሚፈቅደውን ሕግ፣ ብዙ ሚስት ማግባትን፣ ምግብ በቀን መከልከልን ጭምር ጠየቀ። ይህን የምናነሣው የማንንም እምነት ለመንቀፍ እንዳልሆነ ይታወቅልን። ያደገበትን ሃይማኖትና የሌላውን ሃይማኖት በአንድ ሚዛን መመዘኑ ግን ሊጤን ይገባል። የሌላውን ስሕተት ማየት ለማንም ቀላል ነው።

ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። መንገዱ እንፍራዝ አደረሰው። በዚያም ሀብቱ የሚባል አንድ ባለጸጋ አስጠጋው። በጽሕፈት ሥራ፣ ዳዊት እየገለበጠና ደብዳቤ እየጻፈ፣ የባለጸጋውንም ልጆች እያስተማረ ኑሮውን መሠረተ። መነኩሴ ሆኖ ሊኖር የሚችል ሰው ነበር፤ ብዙዎችም እንዲያ መስሏቸው ነበር። እርሱ ግን በእጁ ሠርቶ መብላትን መረጠ።

በሀብቱ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ የሚያምር አልነበረም፤ ጠባይዋ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ ሊያገባት ፈለገ። ባለጸጋው ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን ብሎ ሊሰጠው ሲል፣ እርሱ ግን የሚፈልጋት ለአገልጋይነት ሳይሆን ለሚስትነት መሆኑን፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል እንደሆኑ አስረዳ። የእርሷንም ፈቃድ ጠየቀ። በዚያ ዘመን የአገልጋይቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል ነበር? በዋሻ ውስጥ ስለ እኩልነት ያሰበው ሐሳብ እውነተኛ ፈተና ላይ የወደቀው በዚህች ቀን ይመስለናል። በ1638 እ.ኤ.አ. ወንድ ልጅ ተወለደላቸው።

ይሁንና ዘርዓ ያዕቆብን ለማወደስ ብቻ ብዕር አላነሣንም። በሰው መካከል ሲኖር ያላመነበትን ሥርዓት እያከበረ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን መስሎ መኖሩን ራሱ አልደበቀም። የግሪኩ ሶቅራጥስ በአቴና አደባባይ ላገኘው ሁሉ ጥያቄ እያቀረበ በመጨረሻ በ399 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት መርዝ እንዲጠጣ ተፈረደበት፤ የእኛው ሰው ግን ሐሳቡን በልቡ ሸሽጎ በሰላም አረጀ። እንፈርድበታለን ማለት አይደለም፤ ቤተሰብ ነበረው፤ ያመለጠውንም እሳት ያውቅ ነበር። የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የድኻ ገበሬ ልጅ ሆኖ ገበሬው ስለምን ድኻ እንደሆነ፣ የሀብቱስ ሀብት ከማን ጉልበት እንደ መጣ አልጠየቀም። የሰው መሸጥን የጠየቀ ሰው የባለ ርስቱንና የጭሰኛውን ነገር ዝም ብሎ አለፈው። ፈላስፋም ሰው ነውና የሚበላበትን ገበታ ለመመርመር ይቸግረዋል።

በ1667 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ ከባለጸጋው ልጆች አንዱ የሆነውና ወልደ ሕይወት የሚባለው ደቀ መዝሙሩ ምትኩ ለመነው፤ በዚህም ምክንያት ሐተታውን ጻፈ። ከ25 ዓመታት ያህል በኋላ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ሞተ። ወልደ ሕይወትም በበኩሉ ሌላ ሐተታ ጽፏል፤ የእርሱ ግን ከጥያቄ ይልቅ ወደ ምክር ያደላል።

አሁን ቀደም ሲል ወዳቆየነው ክርክር እንመለስ። መጽሐፉ ለዓለም የታወቀው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የነበሩት ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ቅጂውን ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ በመላካቸው ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን አሳተሙት። በ1920 እ.ኤ.አ. ግን ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ ሳይሆን ጁስቶ ራሳቸው ፈጥረው የጻፉት ነው ብለው ተነሡ። ጁስቶ ግዕዝ አብጥረው ያውቁ ነበር፤ የክርስትና ስማቸውም ያዕቆብ ከሚለው ጋር አንድ ነበር፤ ሐሳቡም የአውሮፓን የኋለኛ ዘመን ይመስላል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ በ1934 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደገፉ።

እነዚሁ ኮንቲ ሮሲኒ ፋሺስት ጣሊያን ሊወርረን በተዘጋጀበት በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ እድገት የማትበቃ አገር ናት የሚል ጽሑፍ አውጥተዋል። ይህን የሰማ አገር ወዳድ አንባቢ ነገሩ አለቀ ይል ይሆናል፤ ሰውየው የቅኝ ገዢ ጠበቃ ነውና ስለ ዘርዓ ያዕቆብ የተናገረው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ነው። እኛ ግን እንዲህ አንልም። የተናጋሪው ወገን ለጥርጣሬ ያነሣሣ ይሆናል እንጂ የክርክሩን ነጥብ አይሽርም፤ ነጥቡ በነጥብ መመለስ አለበት። የፍራንጅ ነው፣ የግብጽ ነው በማለት ብቻ ቃልን መቀበልና መጣል ዘርዓ ያዕቆብን ከአክሱም ያሳደደው አስተሳሰብ ነበር። በ1968 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የውይይት ክበብ ፍልስፍና ሲሰጥ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አንባቢዎቻችንም፣ ዲያሌክቲክስ የሚለው ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ይጠና እንደነበረ፣ ከምን ታወቀ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆነ ይመረመር እንደነበረ አይዘነጉትም።

ነጥብን በነጥብ ለመመለስ ብዙ የደከሙት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ናቸው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ባሳተሟቸው አምስት ጥራዞች የሐተታውን አጻጻፍ ከጁስቶ ጽሑፎች ጋር እያነጻጸሩ፣ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ዓለማየሁ ሞገስም ከእርሳቸው አስቀድመው በግዕዝ ዕውቀታቸው ለዚሁ ወገን ተከራክረዋል። ሊቁ ጌታቸው ኃይለ መጀመሪያ ላይ የኮንቲ ሮሲኒን ሐሳብ ይደግፉ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ግን አቋማቸውን ለውጠው መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን አስረዱ። እኒያን የመሰለ ሊቅ በስተርጅና ቀድሞ የጻፈውን መልሶ መመርመሩ ከክርክሩ ውጤት ያላነሰ ክብር ይገባዋል እንላለን። በሌላ በኩል ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን በ2013 እ.ኤ.አ. ሰነዶቹን እንደገና አገላብጠው ደራሲው ጁስቶ ናቸው የሚለውን አጠናክረዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ሁለቱን ሐተታዎች በአዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲያቀርቡ ክርክሩ ገና ሕያው ነበር።

ሁለቱ የሐተታው የግዕዝ ቅጂዎች የሚገኙት በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሁለቱም የተገኙት ከጁስቶ እጅ ነው። ከጁስቶ በፊት የተጻፈ ቅጂ ከእንፍራዝ ወይም ከአክሱም አንድ ደብር ዕቃ ቤት ቢወጣ ነገሩ በአንድ ቀን ያበቃ ነበር። ተከራካሪዎቹን ያስማማ እንዲህ ያለ ቅጂ እስካሁን አልቀረበም።